ለእማዬ ማድ ቤት ኢንዳክሽን ምድጃ፦ ከአሜሪካ ልላክ ወይስ ጅማ ይገዛ?

ከሚኒያፖሊስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ያለውን የእናቴን ማድ ቤት ላሳድስላት ነው። እስከ ዛሬ የምትሠራው በከሰልና በአንዲት ሽቦዋ በሚቀላ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ጭሱ ዓይኗን ጨርሶታል፤ በቪዲዮ ስንነጋገር ሁልጊዜ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ነው። እኔ እዚህ ባለ አራት ኢንዳክሽን (በመግነጢስ ድስቱን ራሱን የሚያግል የኤሌክትሪክ ምድጃ) አለኝ፣ በጣም ወድጄዋለሁ። በሚቀጥለው ወር ኮንቴይነር የሚጭኑ ዘመዶች ስላሉ እንደኔው ያለውን ገዝቼ ልላክላት ብዬ ነበር። ወንድሜ ደግሞ "አትድከሚ፣ እዚህ ሞልቷል" ይለኛል። ሞልቷል ያለውን ፎቶ ሲልክልኝ ግን አላመንኩትም። ጅማ ላይ የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ርካሹን አይደለም የምፈልገው፣ በስድስት ወር ዕቃ መደርደሪያ ሆኖ የማይቀረውን ነው።

ከጅማ (በፊት ስቶክሆልም)፦

እህቴ፣ እንደምን አለሽ። አሥራ ሰባት ዓመት ስዊድን ኖሬ ከተመለስኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ቆጪ ከእናቴ ጋር ነን። በዚህ በኢንዳክሽን ነገር ሁለት ምድጃ አቃጥያለሁ፣ አንድ ዲቫይደር አቅልጫለሁ። አማካሪሽ ማን እንደሆነ አስቀድመሽ ዕወቂ ብዬ ነው።

ኮንቴይነሩን እርሺው። እዚያ ያለሽ ባለ አራቱ ምድጃ የሚሠራው በሁለት የ120 ቮልት መስመር ተደምሮ በሚመጣ 240 ቮልት፣ በ60 ኸርዝ፣ ባለ 40 ወይም ባለ 50 አምፔር ብሬከር ላይ ነው። የእኛ ቤት 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው፣ አንድ ፌዝና ኒውትራል። እንደምንም ቢገጠም እንኳ የውስጡ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የተበላሸ ዕለት ለዚያ ሞዴል መለዋወጫ የሚያመጣልሽ የለም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ባለ አንድ ምድጃ ልላክ ካልሽ ደግሞ እሱ የ120 ቮልት ነው፤ 1,800 ዋት ስለሚወስድ የሚያወርድለት ትራንስፎርመር እንደ ሙቀጫ የከበደ መሆን አለበት። የመጀመሪያውን ያቃጠልኩት እንደዚሁ ነው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ይዞልኝ መጣ፣ እኔ ትራንስፎርመር እስክፈልግ የእህቴ ልጅ አዳፕተር ሰክቶ አበራው። ጧ! አለ፣ አለቀ። ሳጥኑ እንኳ አላረጀም ነበር። አውሮፓ ዘመድ ካለሽ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የእነሱ 230 ቮልት 50 ኸርዝ ስለሆነ ያለ ምንም ጣጣ ይሠራል።

ወንድምሽ "ሞልቷል" ማለቱ ውሸት አይደለም፣ ግን ሞልቶ ካለው ግማሹ ኢንዳክሽን አይደለም። ላዩ ያው ጥቁር መስታወት፣ ያው ቁጥር የሚያበራ፣ ሻጩም "ኢንዳክሽን ነው" ይልሻል። ሲበራ መስታወቱ ሥር እንደ ፍም ቀልቶ ከታየ ኢንፍራሬድ ነው። ኢንፍራሬድ መጥፎ ዕቃ ነው ማለቴ አይደለም፤ የአሉሚኒየም ድስትም ሸክላም ይቀበላል። ነገር ግን መስታወቱ ራሱ ይግላል፣ ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ ይፋጃል፣ ፍጥነቱም ከእናትሽ የሽቦ ምድጃ ብዙም አይለይም። ኢንዳክሽን የሚያግለው ድስቱን ነው። መስታወቱ ሥር ያለው የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ በሴኮንድ ከሃያ ሺህ ጊዜ በላይ አቅጣጫውን የሚቀያይር መግነጢስ ይፈጥራል፣ በዚያ የተነሳ የድስቱ መቀመጫ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይሽከረከርና ብረቱ ራሱ ይግላል። ድስት ካላስቀመጥሽበት ጮኾ ይጠፋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ወንድምሽ የአሉሚኒየም ድስት ጥዶ ያብራው፤ ከሠራ አይግዛ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንቺ የምታወዳድሪው ምድጃ ነው፣ እናትሽ ቤት መቀየር ያለበት ግን ድስቱ ነው። ጅማ ማድ ቤት ውስጥ ካለው ድስት አብዛኛው አሉሚኒየም ነው፣ የቀረው ሸክላ። ሁለቱም ኢንዳክሽን ላይ ዋጋ የላቸውም። እኔ ከፍሪጅ ላይ አንዷን ማግኔት ነቅዬ በኪሴ ይዤ መርካቶ ወረድኩ። ያስጠጋሁበት የስቴንለስ ድስት ሁሉ ልሙጥ ነው፣ ማግኔቷ ትንሸራተትና ትወድቃለች። ስቴንለስ የተባለ ሁሉ ማግኔት ይይዛል ማለት አይደለም፤ ያ ቆንጆው 18/10 የሚባለው፣ ከታች ሌላ ብረት ካልተለበጠበት፣ አይዝም። ባለ ሱቁ አይቶ አይቶ "ወንድሜ፣ ወርቅ ነው እንዴ የምትፈትነው?" አለኝ። በመጨረሻ ከጥግ ያወጣልኝ ወፍራም መቀመጫ ያለው ድስት ላይ ጣ! ብላ ተለጠፈች። ከእሱ ሦስት መጠን ገዛሁ። ቤት ስገባ ደግሞ የገረመኝ፣ እማዬ ዕቃ ቤት የጣለችው ያ ድሮ የነበረ አበባ ያለበት የኢናሜል ድስት ማግኔቱን ጎትቶ ያዘው። ውስጡ ብረት ነዋ። ውሃ ለማፍላት አንደኛ ነው፤ ለወጥ ግን መቀመጫው ስለሚሳሳ ሽንኩርት ያሳርራል።

ሽንኩርት ካነሳሁ አይቀር፦ ባለ ጠረጴዛዎቹን ስታወዳድሩ በሳጥኑ ላይ ያለውን ትልቁን ዋት አትዩ። 2,000 ይሁን 2,200 ልዩነቱ አይሰማም፤ ሁለት ሊትር ውሃ በስድስት ሰባት ደቂቃ ይፈላል። ማየት ያለባችሁ ዝቅ ሲደረግ ምን እንደሚሆን ነው። ርካሾቹ ዝቅ ማለት አይችሉም፤ 300 ዋት አድርግ ብትይው በሙሉ ኃይል ጥቂት ሴኮንድ ይበራል፣ ከዚያ ጥቂት ሴኮንድ ይጠፋል። የእኛ ወጥ ያለ ዘይት ሽንኩርት አቁላልቶ የሚጀምር ነው፤ በሚበራበት ሴኮንድ ያርራል፣ በሚጠፋበት ሴኮንድ ውሃ ያወጣል። እማዬ የመጀመሪያ ቀን ድስቱን አይታ "ይኼ ነገር ኩርፍ ኩርፍ ይላል" አለች፣ ቃል በቃል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ትንሽ ውሃ ጥዶ ዝቅተኛው ላይ ማድረግ። ፈልቶ፣ ጸጥ ብሎ፣ እንደገና የሚፈላ ከሆነ አይጠቅማችሁም። ሳያቋርጥ ጢን ጢን የሚል ከሆነ ግዙ።

ሁለተኛው የሽቦው ስፋት ነው። መስታወቱ ላይ የተሳለው ክብ ያታልላል፤ ሥሩ ያለው ጥቅል አንዳንዴ 12 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለዒድ ወይም ለሰደቃ 30 ሴንቲ ሜትሩን ድስት ጣዱና እዩ፤ መሐሉ ይንተከተካል፣ ዳር ዳሩ ተኝቷል።

ገንፎ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ጅማ ሆኖ ገንፎ የማይገነፋበት ቤት የለም መቼም። እማዬ ማማሰያዋን ይዛ ስትጀምር ድስቱ መስታወቱ ላይ አብሯት ይሽከረከር ጀመር። በቀኝ እጇ ታማስላለች፣ በግራዋ ድስቱን ታሳድዳለች። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የተባለው እኮ ለዚህ ነው" ብላ ወደ ከሰሏ ተመለሰች፤ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። መፍትሔው ስልሳ ሳንቲም አያወጣም፦ እርጥብ ስስ ፎጣ ከድስቱ ሥር ማንጠፍ። የሚግለው ድስቱ ስለሆነ መግነጢሱ በጨርቁ ውስጥ ያልፋል፣ ገንፎ ደግሞ ውሃ እስካለው ድረስ ፎጣ የሚያቃጥል ሙቀት አይደርስም። ለመጥበሻ ግን እንዳትሞክሩት። ባለ ሁለት እጀታ ድስት ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ይይዝላታል።

አሁን ስለ መስመሩ። አውሮፓ የሚሸጡት ባለ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ አራት ምድጃዎቹ ሁሉም ሲበሩ 7 ኪሎዋት ያልፋሉ። የእንጀራ ምጣዱ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል። ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ እየተጋገረ ወጥ ከተጣደ 10 ኪሎዋት ማለት ነው፣ ከ45 አምፔር በላይ። የድሮ ቤት ሽቦ ይህን አይሸከምም። ለባለ አራቱ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው መጎተት አለበት። ለባለ አንዱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትርና የራሱ ሶኬት ይበቃል፣ ግን የራሱ! እኔ ምድጃውንና የውሃ ማፍያውን አንድ ዲቫይደር ላይ ሰካሁ፤ አብረው 17 አምፔር። ሽታው ሲመጣ ፕላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ እንደ ማር ወርዶ ነበር።

ሁለተኛውን ምድጃ ያቃጠልኩት መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋዋቱን የሚያመነጨው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ነው፣ ህዳሴም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 በ5,150 ሜጋዋት አቅም ተመርቋል፤ የሰፈራችን ምሰሶ ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ብልጭ ድርግም ማለቱን አልተወም። የሽቦ ምድጃ ግድ የለውም። ኢንዳክሽን ግን ኮምፒውተር ማለት ነው፤ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ቦርዱን ይበላዋል። ለፍሪጅ የሚሸጠውን፣ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቀውን የቮልቴጅ መከላከያ ግዙ፤ ትንሹ አይችለውም፣ 16 አምፔር የሚል ይሁን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መንቀል መልመድ ነው።

እኔ ብሆን የማደርገው፦ ሁለት ባለ አንድ ምድጃ፣ እያንዳንዱ በራሱ ሶኬት። አንዱ ቢበላሽ አንዱ አለ። ጠረጴዛ ውስጥ የሚቀበር ካማራችሁ አናጢው የዋንዛውን ጠረጴዛ ከመቁረጡ በፊት ከሥር አየር መውጫ እንዲተው ንገሩት፤ ማራገቢያው የሚተነፍስበት ካጣ ምድጃው እየጋለ ራሱን ያጠፋል። ከተቻለ የሚዞር ቁልፍ ያለውን ምረጡ። በጣት የሚነካው በእርጥብ እጅ አይታዘዝም፣ እናቶቻችን ደግሞ ማድ ቤት ውስጥ ደረቅ እጅ የላቸውም።

ቆጣሪው ይቀንስልኛል ብለሽ ከሆነ ብዙ አትጠብቂ። ኢንዳክሽን ከሚወስደው ኃይል 85 በመቶ ያህሉ ድስቱ ውስጥ ይገባል፤ በሽቦው ምድጃም ከ75 እስከ 80 ነው። ትርፉ ከከሰሉ ጭስ መገላገሏ ነው። ጅማ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 94 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው፤ ባቄላና ሥጋ ምድጃው የቱንም ያህል ቢፈጥን ጊዜያቸውን ይወስዳሉ። ማግኔት የሚይዝ የስቴንለስ ፕሬዠር ኩከር (እንፋሎቱን አፍኖ ቶሎ የሚያበስል ድስት) ብትልኪላት ከምድጃው ይልቅ እሱ ያስመርቅሻል።

ከቶሮንቶ፦

ወንድም ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔም ለአባቴ ቤት አስቤ ነበር። ሁለት ጥያቄ። አባቴ ለልቡ ፔስሜከር ተገጥሞለታል፣ ችግር አለው? ደግሞ ጀበናውስ እንዴት ነው የምታደርጉት? ድስቱ ሥር የሚገባ ክብ ብረት ኢንተርኔት ላይ ይሸጣል፣ እሱን ብንገዛ?

ከጅማ (በፊት ስቶክሆልም)፦

አባትህን እግዚአብሔር ይማርልን። ለፔስሜከር የሚመከረው ከበራ ምድጃ 60 ሴንቲ ሜትር መራቅ ነው። አብስለው የማያውቁ አባት ከሆኑ ችግሩ አልቋል፤ የሚያበስሉ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪማቸውን ጠይቅ፣ ከዚያ ግዛ።

ክብ ብረቱን ሞክሬዋለሁ። ብረቱ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ጀበናው ሳይሆን ወደ መስታወቱ ይመለሳል፣ ምድጃው "ጋልኩ" ብሎ ይጠፋል። የጀበናው ሥር ደግሞ ድቡልቡል ስለሆነ ብረቱን የሚነካው በአንዲት ነጥብ ነው። ሩብ ሰዓት ጠብቀን ለብ ያለ ውሃ አገኘን፤ ጎረቤታችን እትዬ መጥተው አይተው ፍሙን ከቤታቸው በአካፋ ይዘው መጡ። ጀበናውም ምጣዱም ባሉበት ይቆዩ። እኛ የሽቦ ምድጃዋን ሳንጥል ለጀበናው ተውናት።

ከሚኒያፖሊስ፦

ወንድሜ፣ ተባረክ። ኮንቴይነሩን ሰርዣለሁ። ትናንት ማታ እማዬን በቪዲዮ ማግኔት አስያዝኳት፣ ወንድሜ ስልኩን ይዞ። ከአሥራ አንድ ድስት የያዙት ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ክዳን የላቸውም። ከዚያ ራሷ ሄዳ ቡና የምትቆላበትን ብረት ምጣድ አመጣችና ማግኔቱ ጣ ሲል "በቃ፣ ቡናዬ ተገኘ!" ብላ ሳቀች። እሱ ይሆናል?

ከጅማ (በፊት ስቶክሆልም)፦

ይሠራል፣ ግን ተጠንቀቁ። ብረቱ ስስ ነው፣ ደረቁን ከተጣደ በአንድ ደቂቃ ይቀላል፣ ሊጣመምም ይችላል። ቡናው ገብቶ፣ መካከለኛ ላይ። ደግሞ ስትወዘውዘው ከመስታወቱ በተነሳ ቁጥር ምድጃው ይጮኻል፤ አስቀድመሽ ንገሪያት፣ አለበለዚያ ተበላሸ ብላ ትነቅለዋለች።