ሌሊት ከተንቀጠቀጠ በኋላ ግድግዳችን ተሰንጥቋል፤ ዛሬ ማታ እንግባ ወይስ አንግባ?

ጠያቂ (ደሴ)፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሌሊት መሬቱ ከተንቀጠቀጠ ወዲህ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ተሰንጥቋል። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ እስከ ኮርኒሱ ሄዷል። ጣቴ ይገባበታል። በሩም አልዘጋ ብሎናል። እናቴ አልጋ ላይ ናት፣ ውጭ ማደር አትችልም። በሲሚንቶ ቢደፈን ይበቃል? ምን ያህልስ ይፈጃል?

መምህሩ ከሆጤ፦
እህቴ፣ እንኳን ተረፋችሁ። ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ደሴ ያለችው ከደጋው ወደ አፋር በሚወርደው ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ከደሴ በስተደቡብ ባለችው ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ ማጀቴ የምትባለውን ከተማ አፍርሷል፤ ከደሴ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድም ሰንጥቋል። ዋናው ካለፈ በኋላ እንኳ ለወራት ሲነቀንቅ ነው የከረመው። በ1961 ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ የምትባል መንደር ፈረሰች። የ2017ቱን የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ ቤት ስንሠራ ይህንን ማሰብ ነበረብን።

የፒያሳ ልጅ፦
መምህር፣ ክፍለ ጊዜው አልቋል፤ ቤቱ ሊወድቅ ነው እኮ! እህት፣ በሲሚንቶ ድፈኚው። እኛም ቤት እንዲሁ ሆኖ አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ አቡክተን መረግነው። እስካሁን ደህና ነው።

ግንበኛው፦
ኧረ እንዳትደፍኚው! መጀመሪያ ስንጥቁ ቆሟል ወይስ ገና እየሄደ ነው የሚለው ይታወቅ። ዛሬ ከደፈንሽው ዓይንሽን ነው የምትደፍኚው። ቤቱ ጭቃ ነው ብሎኬት? ኮለን፣ የኮንክሪት ምሰሶ ማለቴ ነው፣ አለው? ስንጥቁ ኮለኑን አቋርጧል ወይስ በኮለኑና በብሎኬቱ መሃል ነው? ኮለኑን ከቆረጠው ወይም የውስጡ ብረት (ፌሮው) ከታየ ዕቃ ለማውጣት እንኳ አትግቡ። ብሎኬቱ ላይ ብቻ ከሆነ ቤቱ ሊቆም ይችላል፤ ግን ግድግዳው በሚቀጥለው ንዝረት ተኝቶ ያለ ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። በሩ አልዘጋ ማለቱ ደስ አላለኝም። መቃኑ ከጎበጠ ቤቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።

ጠያቂ፦
ብሎኬት ነው። ጥግ ጥጉ ላይ ኮለን አለው መሰለኝ፣ ልስኑ ሸፍኖታል። ከቤቱ ኋላ የድንጋይ ግንብ አለ። ሆዱ ወጣ ብሏል፣ ግን ድሮም ትንሽ እንደዛ ነበር።

የጦሳ ሥር ነዋሪ፦
ቆይ፣ ዋናውን ነገር አሁን ገና ተናገርሽ! እኔ ይሄ የመንቀጥቀጥ ብቻ አይመስለኝም። የጎረቤቶችሽ ቤት እንዲህ ሆኗል? ካልሆነ ቤትሽን የሚገፋው ከኋላ ያለው ተዳፋት ነው፤ መንቀጥቀጡ አነሳሳው እንጂ። የእኛ ከተማ ናዳ ስንት ቤት እንደበላ ታውቂያለሽ። አሁን ቀን ሳለ ከግንቡ በላይ ያለውን መሬት በጎን በኩል ሆነሽ እዪ፣ ከግንቡ ሥር እንዳትቆሚ። አዲስ ስንጥቅ ተዳፋቱን አግድም ካቋረጠው፣ ባሕር ዛፉ ወይም የመብራት ምሰሶው ዘንበል ካለ፣ ደረቅ የነበረ ቦታ ከረጠበ፣ ዛሬውኑ ውጡ። የግንቡ ውሃ ማስወጫ ቱቦ ተደፍኖ ከሆነ ውሃው ከጀርባው ተጠራቅሞ ይገፋዋል። የአሸንዳችሁን ውሃም ከዚያ አርቁት።

የፒያሳ ልጅ፦
ናዳም ሆነ መንቀጥቀጥ፣ ስንጥቁ ክፍት ሆኖ ዝናብ ከገባበት አይብስም? ሲሚንቶ ነው የምላችሁ።

እትዬ ከሸዋ በር፦
አብሽሪ የኔ ልጅ። ውጭ እደሩ ያለሽ የለም እኮ። የወሎ ሰው ጎረቤት እያለው ውጭ አያድርም! ከገደሉ ራቅ ያለ፣ ፎቅ የሌለው አንድ ቤት ፈልጊ፣ የእንጨትና ጭቃ ቢሆን ግድ የለም። አራት ጎረምሳ ጥሪ፣ እናትሽን ከነፍራሹ አራቱን ጥግ ይዘው ያውጧት። መድኃኒቷን፣ ጋቢዋን፣ የቤቱን ካርታ ያዢ። ስትወጪ ቆጣሪውን አጥፊ፣ ሲሊንደር ካለሽም ዝጊው።

ግንበኛው፦
እትዬ ልክ ናቸው፣ ማደሪያችሁን ቀይሩ። ነገ ቀን ደግሞ አንድ ሰው ውጭ ቆሞ እየጠበቀሽ፣ ከውጭ በኩል በስንጥቁ ላይ ጀሶ በመዳፍ ስፋት አሻግረሽ ለጥፊ። ቀኑን ጻፊበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው፤ ሲሚንቶም ምንም አይሠራም። ፎቶ አንስተሽ ለቀበሌ በጽሑፍ አስገቢ፣ የገባበትን ቁጥር ተቀበዪ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሲቪል ምህንድስና መምህራን አሉ፤ እነሱንም ጠይቂ።

የጦሳ ሥር ነዋሪ፦
እህት፣ መሬቱን አየሽው? እናትሽስ ወጡ? ሰው ካነሰሽ ሰፈርሽን ጻፊ፣ ከልጆቹ ጋር እንመጣለን።

የኮምቦልቻዋ፦
በጥያቄዋ ላይ ስለገባሁ ይቅርታ። እኛ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነን። ልስኑ ላይ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ወጥተዋል። ይሄም ያስወጣል?

ግንበኛው፦
ልስን ብቻ ከሆነ አያስወጣም። ትንሽ ቦታ ላይ ልስኑን ፈቅፍቂና ብሎኬቱን ወይም ኮለኑን እዪ። ስንጥቁ ወደ ውስጥ ከገባ ሳንቲም አጠገቡ አድርገሽ ፎቶ ላኪልኝ። ደረጃው ላይም ካለ መጀመሪያ የደረጃውን ላኪ።