ጆሴፍ ስሚዝ ባሎችን ለስብከት እየላከ ሚስቶቻቸውን አገባ የሚባለው እውነት ነው?

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ ነው ያለው፣ ሶልት ሌክ ሲቲ። ነጭ ሸሚዝና ክራባት ያደረጉ ሁለት ወጣቶች ቤቱ ይመላለሳሉ። ሞርሞኖች ናቸው። አሁን እሱም እሁድ እሁድ እነሱ ጋ መሄድ ጀምሯል። እናታችን ከሰማች ወዲህ «ሚስት በሚስት ላይ ሊደርብብኝ ነው» እያለች እህል አልወርድ ብሏታል። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ አንድ ጽሑፍ አገኘሁ። መሥራቹ ጆሴፍ ስሚዝ ባሎችን ለወንጌል ብሎ ባሕር ማዶ ይልክና ሚስቶቻቸውን ያገባ ነበር ይላል። ልልክለት ብዬ መልሼ ተውኩት። ወንድሜ ነገር አጣሪ ነው። አንዷ ውሸት ሆና ከተገኘች ሁለተኛ አይሰማኝም። የምታውቁ ካላችሁ በእናታችሁ።

ጣና ዳር፦
ምን ያጠራጥራል ወንድሜ? ሰውዬው ብዙ ሚስት እንደነበረው ራሳቸው አምነዋል። ባል ላከ አልላከ ምን ለውጥ አለው? ላክለት።

መዝገብ ቤት፦
ለውጥማ አለው ወንድሜ። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። የባልና ሚስት ክርክር ፋይል በየቀኑ በእጄ ያልፋል። ቤቱ የጋራ ነው ወይስ የግል የሚለው ብዙ ጊዜ የሚለየው ጋብቻው ከመቼ ጀምሮ ነው በሚለው ነው። አንዱ ወገን ሽማግሌዎች የፈረሙበት ውል ያመጣል፣ ሌላው ሌላ ቀን ያለበት ወረቀት። ያኔ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው ይባላል። የአክስቴ ልጅ እዚያ እምነት ውስጥ ስላለች ይህን ታሪክ እኔም ተጨንቄ፣ በዚሁ ዓይን አንብቤዋለሁ። ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍልህ።

ወሬው ከባዶ አልተነሳም። ኦርሰን ሃይድ የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን ሐዋርያት ከሚላቸው መሪዎች አንዱ ነበር። በኤፕሪል 1840 ወደ ኢየሩሳሌም ተላከ። በኦክቶበር 1841 ደብረ ዘይት ተራራ ላይ ጸለየ። ኢሊኖይ ውስጥ ወዳለችው ናቩ የተመለሰው በዲሴምበር 1842 ነው። ሚስቱ ማሪንዳ ከጆሴፍ ስሚዝ ጋር ታትማለች፤ ለወዲያኛው ዓለምም ይጸናል የሚሉት የጋብቻ ሥርዓት ነው። መቼ? እዚህ ላይ ሁለት ወረቀት አለ። በጆሴፍ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ በጸሐፊ እጅ የሰፈረው ኤፕሪል 1842 ይላል። ማሪንዳ ራሷ ከብዙ ዓመት በኋላ የፈረመችው ቃለ መሐላ ደግሞ ሜይ 1843 ይላል። የመጀመሪያው ልክ ከሆነ ባሏ ባሕር ማዶ ነበር። ሁለተኛው ከሆነ ቤቱ ከገባ አምስት ወር ሆኖታል። ክርክሩ ሁሉ ያለው በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ነው።

ሌላዋ ሳራ ፕራት ናት። ባሏ ኦርሰን ፕራት እንግሊዝ ለስብከት በሄደበት ጊዜ ጆሴፍ ጠየቀኝ፣ እምቢ አልኩት ብላለች። ጆሴፍ ክዷል። ጋብቻም አልተፈጸመም። ባሏ በ1842 ከቤተ ክርስቲያኑ ተባረረ፣ በ1843 ተመለሰ። በኦገስት 1852 ሶልት ሌክ ላይ ከአንድ በላይ ማግባትን ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ የሰበከው ይኸው ሰው ነው። ይህን ሳነብ ለሳራ አንጀቴ ተላወሰ።

ቴሌግራም ላይ ይበልጥ የሚደባለቀው የዚና ነገር ነው። ዚና ሄንሪ ጃኮብስን ያገባችው በማርች 1841 ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ከጆሴፍ ጋር ታተመች። ሄንሪ ግን ያኔ ባሕር ማዶ አልነበረም። እንግሊዝ የተላከው በ1846 ነው። ጆሴፍ ከተገደለ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነበር። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ዚና ከጆሴፍ በኋላ መሪ ከሆነው ከብሪገም ያንግ ጋር ስትታተም ሄንሪ ቆሞ አይቷል። እንግዲህ የ1846ቱን ጉዞ ወስዶ 1841 ላይ የሚለጥፍ ሰው ለወንድምህ መውጫ በር እየከፈተለት ነው።

ስለዚህ «ባሎችን እየላከ» የሚለው እንደ ልማድ ተደርጎ ከተጻፈ አይቆምም። የሚቆመው ይበቃል። ያገቡ ሴቶችን ከራሱ ጋር አትሟል። ሄለን ማር ኪምቦል ከእሱ ጋር ስትታተም 14 ዓመቷ ነበር። ኤሚሊና ኢላይዛ ፓርትሪጅ የሚባሉ እህትማማቾች በማርች 1843 ታተሙ። ሚስቱ ኤማ አላወቀችም ነበር። በሜይ እሷ ባለችበት ሥርዓቱ እንደ አዲስ ተደገመ። ያን ቀን ሁለቱ ልጆች ዝም ብለው ቆሙ፣ ኤማም ሥርዓቱ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚደረግ መስሏት ፈቀደች። ለኔ ከዚህ የሚከብድ የለም፣ ማንም መጨመር አያስፈልገውም።

እናታችሁን ደግሞ ዛሬውኑ አረጋጋት። ቤተ ክርስቲያኑ በ1890 አዲስ ጋብቻ መደረብን አቁሙ ብሎ አወጀ፣ በ1904 ደግሞ የሚደርብ ይባረራል አለ። ዛሬ እዚያ ሁለተኛ ሚስት ማግባት ያስባርራል።

የዘጌ ቡና፦
እህታችን እግዜር ይስጥሽ። ሚሲዮናዊና የሚስት ብዛት ሲነሳ እኛው ሐይቅ ዳርም ታሪክ አለ። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ አፄ ሱስንዮስን ካቶሊክ ሲያደርጋቸው አንዷን አስቀርተው ሌሎቹን እንዲያሰናብቱ አሳምኗቸዋል። ይህ በ1622 ነው። በ1632 ንጉሡ የቀድሞው የኦርቶዶክስ እምነት ይመለስ ብለው አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ተዉ። የተሰናበቱት ሴቶች ያኔ ምን እንዳሉ ግን ማንም ሲያወራ አልሰማም።

የሽምብጥ ልጅ፦
እህቴ በጣም አመሰግናለሁ። ቴሌግራሙን አልልክለትም። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ። ወንድሜ ስለዚህ ሲጠይቃቸው ቤቱ የሚመላለሱት ልጆች «ይህን አልሰማንም» አሉት። እየዋሹት ይሆን?

መዝገብ ቤት፦
ዋሽተዋል አልልም። ብዙዎቹ 18፣ 19 ዓመታቸው ነው። ድሮ የዋሹ አሉ። ከሐዋርያቱ አንዱ የነበረው ጆን ቴይለር በ1850 ፈረንሳይ ቡሎኝ ከተማ ላይ በአደባባይ ክርክር ተጠይቆ ከአንድ በላይ ማግባት የለም ብሎ ክዷል፤ በዚያ ሰዓት እሱ ራሱ ባለ ብዙ ሚስት ነበር። የዛሬዎቹ ግን ሳይነገራቸው የሄዱ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ በ2014 በድረ ገጹ አንድ ጽሑፍ አውጥቷል። ጆሴፍ የታተማቸው ሴቶች በጥንቃቄ ሲገመቱ ከ30 እስከ 40 ይሆናሉ፣ ያገቡም ነበሩባቸው፣ ትንሿ 15 ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀራት ነው ይላል። ወንድምህ ያን ከፍቶ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለው ያንብቡት። የማሪንዳን ቀን ይጠይቃቸው።