ከፍተኛ ኃይል ከገባ በኋላ ፕሪንተራችን ከኔትወርክ ጋር አልገናኝ ብሏል

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በምሠራበት አነስተኛ የሒሳብ ቢሮ ውስጥ ሁላችንም በኔትወርክ የምንጠቀምበት አንድ ሌዘር ፕሪንተር አለ። በቅርቡ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በከፍተኛ ኃይል በመምጣቱ ራውተራችን ተቃጠለ። ራውተሩን በአዲስ ተክተን ኢንተርኔቱ ቢመለስም፣ ፕሪንተሩ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ «ኦፍላይን» ይላል። ኮፒ ያለችግር ያደርጋል፤ ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን የሚያዝበትን ፕሮግራም) አጥፍተን እንደገና ብንጭነውም ግን ለውጥ አላመጣም። የጠራነው ባለሙያ የኔትወርክ ክፍሉ ስለተቃጠለ ዋናው ቦርድ መቀየር አለበት ብሎናል፤ ዋጋው ደግሞ ለቢሯችን ከባድ ነው። ይህን ወጪ ከማውጣታችን በፊት በራሳችን ልናረጋግጠው የምንችለው ነገር ካለ ብትጠቁሙን በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ ፩

ቦርድ ለመግዛት አይቸኩሉ። ኮፒ የሚያደርግ ፕሪንተር የኃይል ክፍሉም ሆነ የማተሚያ ክፍሉ እየሠራ ስለሆነ፣ መመርመር ያለበት ከኬብሉ መሰኪያ ጀምሮ ያለው መስመር ብቻ ነው። በመጀመሪያ ከፕሪንተሩ ጀርባ፣ የኔትወርክ ኬብሉ የሚገባበትን ቀዳዳ ይመልከቱ፤ በአብዛኞቹ ላይ ከጎኑ ትንንሽ መብራቶች አሉ። መብራቶቹ ጨርሶ የማይበሩ ከሆነ ኬብሉን ይቀይሩ፣ ቀጥሎም በስዊቹ (የቢሮውን የኔትወርክ ኬብሎች በሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ሌላ ፖርት፣ ማለትም ሌላ የኬብል መሰኪያ፣ ይሞክሩ፤ እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ የስዊቹ አንዳንድ ፖርቶች ሞተው ሌሎቹ ደህና ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ከዚያም ያንኑ ኬብል ከፕሪንተሩ ነቅለው፣ ዋይፋዩ የተዘጋ ላፕቶፕ ላይ ይሰኩት። ላፕቶፑ ኢንተርኔት ካገኘና ፕሪንተሩ ላይ ግን መብራት ካልበራ፣ ያኔ የባለሙያው ግምት ትክክል ሊሆን ይችላል።

መብራቱ ከበራ ግን ከፕሪንተሩ ሜኑ የኔትወርክ ሪፖርት ያትሙና አይፒ አድራሻ (ዕቃው በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) የሚለውን መስመር ያንብቡ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ፕሪንተሩ አድራሻ ጠይቆ የሚሰጠው አጥቷል ማለት ነው። ሌላ ቁጥር ከሆነ እዚህ ይጻፉልን።

መልስ ፪

እኔን ያጠራጠረኝ ራውተሩ መቀየሩ ነው። የአነስተኛ ቢሮ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ አንዳንዶቹ 192.168.1፣ ሌሎቹ 192.168.0 በሚል የሚጀምር አድራሻ ያድላሉ። ፕሪንተሩን መጀመሪያ የተከለው ሰው አድራሻውን በእጅ አስገብቶት ከነበረ፣ ኮምፒውተሮቹ ወደ አዲሱ ሲዛወሩ እሱ በአሮጌው ላይ ይቀራል፤ ዕቃው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ የተበላሸ ይመስላል። ስለዚህ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ የትእዛዝ መስኮቱን ከፍተው አይፒኮንፊግ (ipconfig) የሚለውን ትእዛዝ ያስገቡና የሚወጣውን ቁጥር ከሪፖርቱ ጋር ያስተያዩ።

ጠያቂ

መብራቱ ይበራል። ሪፖርቱ 192.168.1.50 የሚል ሲሆን አድራሻውም በእጅ የገባ መሆኑን ያሳያል፤ ኮምፒውተሮቹ ግን በ192.168.0 የሚጀምር አድራሻ ነው ያላቸው። ከፕሪንተሩ ሜኑ ላይ አድራሻ በራሱ እንዲቀበል አድርገን ስናስነሳው አዲስ ቁጥር አገኘ፤ ፒንግ ስናደርገውም (ከኮምፒውተር አጭር የሙከራ መልእክት ስንልክለት) ይመልሳል። ሆኖም ዊንዶውስ አሁንም ኦፍላይን እንደሆነ ይናገራል።

መልስ ፪

ፒንግ ከመለሰ የኔትወርክ ክፍሉ አልተቃጠለም፤ ቦርዱን ይርሱት። የቀረው በኮምፒውተሮቹ በኩል ነው፤ ዊንዶውስ የሚልከው አሁንም ወደ አሮጌው አድራሻ ነው። ድራይቨሩን መልሶ መጫን ያልረዳውም ፕሪንተሩ ያኔ ከኔትወርኩ ውጭ ስለነበር ነው። በፕሪንተሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፖርትስ የሚለውን ገጽ ይክፈቱ፣ በአዲሱ አድራሻ ስታንዳርድ ቲሲፒ አይፒ ፖርት ይጨምሩና እሱን ይምረጡ፤ እዚህ ላይ ፖርት ማለት የኬብል መሰኪያ ሳይሆን ዊንዶውስ ሕትመቱን የሚልክበት መስመር ነው። ተደርድረው የቆዩ የሕትመት ትእዛዞች ካሉ አስቀድመው ያጥፏቸው፤ አለዚያ ወረፋውን ይዘው አዲሱንም ያግዱታል።

ይህን እንደጨረሱ ወደ ራውተሩ ገብተው በፕሪንተሩ ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ክፍሉ ከፋብሪካ ይዞት በሚወጣው መለያ) ቋሚ ቁጥር ያስይዙለት። ያለዚያ ራውተሩ ሌላ ቀን ሌላ ቁጥር ሊሰጠው ስለሚችል ችግሩ ይደገማል።

መልስ ፫

በሌላ ቢሮ ፖርቱ በእርግጥ የተቃጠለበት ሰው ይህን ቢያነብ፣ ያኔም ቢሆን ቦርድ መግዛት ብቸኛው መፍትሔ አይደለም እላለሁ። ፕሪንተሩ ዋይፋይ ካለው በዚያ መሞከር፣ ከሌለውም በዩኤስቢ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር አያይዞ ለሌሎቹ ማጋራት ይቻላል፤ ያ ኮምፒውተር ሁልጊዜ እንደበራ መቆየት ይኖርበታል እንጂ ሥራ አይቆምም።

ስለ መከላከያውም ጥቂት ልጨምር። ስታብላይዘር ቀስ ብሎ የሚወጣና የሚወርድ ቮልቴጅን ያስተካክላል እንጂ በቅጽበት ለሚመጣ ኃይል አይደርስም። ለዚያ የተሠራው ሰርጅ ፕሮቴክተር ትርፉን ኃይል በአብዛኛው ወደ መሬት የሚልክ በመሆኑ፣ የግድግዳው ሶኬት የግራውንድ ሽቦ እንዳለው በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማስፈተሽ ይገባል። ሌዘር ፕሪንተርን በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል በሚሰጠው መሣሪያ) ባትሪ በኩል አይሰኩት፤ ቶነሩን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ክፍል ሲግል የሚስበው ኃይል ለአነስተኛ ዩፒኤስ ከአቅም በላይ ነው። ኢንተርኔቱ በስልክ ሽቦ የሚገባ ከሆነ፣ ጉዳት በዚያም መስመር ሊመጣ ስለሚችል መብራት ሲጠፋ የኃይሉን ገመድ ብቻ ሳይሆን የስልኩንም መስመር ከራውተሩ ይንቀሉ።

ጠያቂ

በአዲሱ ፖርት ሁሉም ኮምፒውተሮች ያትማሉ፤ ቁጥሩንም በራውተሩ ላይ አስይዘናል። የቦርዱን ትእዛዝ ሰርዘናል። የሶኬቶቻችንን ግራውንድ የሚፈትሽ ሠራተኛም ጠርተናል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።