ለጠባብ ጓሮ የትኛውን ወሽመላ ልትከል?

ጥያቄ (ከሎስ አንጀለስ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራኝ መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት። የድሮ ግቢያችንን ወሽመላ ሳታነሳ አትውልም። አንድ ዛፍ ልተክልላት ፈልጌ ችግኝ መሸጫ ብሄድ ጎልድ ነጌት፣ ቢግ ጂም፣ ሻምፓኝ ብለው ግራ አጋቡኝ። ቦታዬ ከአንድ ዛፍ በላይ አይዝም። እናቴ የምትወደው ጣፈጥም ጎምዘዝም የሚለውን ነው። ወይስ በልቼ ዘሩን ልቅበረው?

መልስ (ከሳን ሆዜ)
እህቴ፣ ዘሩን ተይው። መብቀሉ ይበቅላል፤ ግን እስኪያፈራ ስድስት ሰባት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ ጣዕሙም እንደ እናቱ ላይሆን ይችላል። እኛ ሰፈር የአንዱ ቤት ወሽመላ ማር ሲሆን የጎረቤቱ አፍ ያኮማትር ነበር። የተዳቀለ (ከጥሩ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ የተጣበቀበት) ችግኝ ከገዛሽ ግን በሁለት በሦስት ዓመት ይደርሳል። ለእናትሽ ብለሽ የምትተክይው ከሆነ ከዓይነቱም በላይ ይሄ ነው የሚያሳስበኝ።

ከሦስቱ ጎልድ ነጌትን እመርጥልሻለሁ። ሥጋው ብርቱካንማ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ብቻውንም ያፈራል። ሻምፓኝ ነጭ ሥጋ ያለው፣ ውኃው ብዙ፣ ጎምዘዝ የሚል ነው፤ ሆኖም ሌላ ወሽመላ በአቅራቢያው ሲኖር ነው በደንብ የሚይዘው።

መልስ (ከሳን ዲዬጎ)
ጎምዘዝ ያለ ከፈለጉ ቢግ ጂምንም አይርሱት፤ ፍሬው ትልልቅ ነው። የተገኘውም እዚሁ እኛ ከተማ ነው።

መልስ (ከእስራኤል፣ ረሆቮት)
እኛ ጋ ሸሰክ ነው የሚባለው፤ የለመድነው አኮ 13 የሚባለው ዓይነት ነው። የትኛውንም ብትተክይ ሁለት ነገር አደራ። ዘለላው ላይ ፍሬው ሲያቆጠቁጥ አሳሺው፤ አራት አምስት ብቻ ተይለት፤ ካልሆነ ዘር ብቻ ነው የምትለቅሚው። ደግሞ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይቀየር አትቅጠፊ፤ ከተቀጠፈ በኋላ ጣፋጭ አይሆንም። እኛ የፍሬ ዝንብ ስለሚያስቸግረን ዘለላውን በወረቀት ከረጢት እንሸፍናለን።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳልነግራችሁ የቀረ ነገር አለ፤ ከአጥር ወዲያ ጎረቤቴ ትልቅ ወሽመላ አለው። ለውጥ ያመጣል?

መልስ (ከሳን ሆዜ)
በጣም እንጂ! እንግዲያው ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ ሻምፓኝ ትከይ። ንብ አጥር አያግዳትም፤ የጎረቤትሽ ዛፍ በአንድ ጊዜ ካበበ ይበቃዋል። አበባው የሚወጣው በመከርና በብርዱ ወራት ስለሆነ ያኔ ሄደሽ እዪው። ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ፣ ውኃ የማይተኛበት ቦታ ምረጪለት። ቅርንጫፉ እሳት እንደለበለበው ጠቁሮ ከደረቀ ከታመመው ዝቅ ብለሽ፣ ጤነኛው ጋ ቁረጪው፤ መቀሱን በአልኮል ጥረጊ። ለማንኛውም ሳትገዢ በሚያዝያ ወይም በግንቦት እናታችንን የገበሬዎች ገበያ ይዘሻት ሂጂና ከየዓይነቱ ታቅምሰው፤ ምርጫው የእሷ ይሁን።