ኮንዶሚኒየም ገዝቶ ማከራየት፦ ኪራዩ ብድሩን ይችለዋል?

ጀማሪ አከራይ፦
አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ገዝቼ ላከራይ አስቤያለሁ። ዋጋው 6 ሚሊዮን ብር ነው። 3.6 ሚሊዮኑ በእጄ አለ፤ 2.4 ሚሊዮኑን ከባንክ በ18 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት ልበደር ነው። ደላላው በወር 25 ሺህ ይከራያል ብሎኛል። ኪራዩ ብድሩን ይችለዋል? ከመፈረሜ በፊትስ ምን ልይ?

ሒሳብ ሠራተኛ፦
አይችለውም። 2.4 ሚሊዮን በ18 በመቶ ለ120 ወር ሲሰላ ወርሃዊ ክፍያው 43,200 ብር ገደማ ነው። ተከራዩ አንድም ወር ባያጓድል እንኳ በየወሩ ከ18 ሺህ በላይ ከኪስህ ትጨምራለህ። የዓመቱ ኪራይ 300 ሺህ፣ የቤቱ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ ግብር፣ ጥገናና ቤቱ ባዶ የሚቀመጥበት ጊዜ ሲቀነስ ወደ 4 ይጠጋል። በዚህ ወለድ እያንዳንዱ የተበደርከው ሚሊዮን በወር 18 ሺህ ይፈልጋል። ስለዚህ ብድርህ ከ1 ሚሊዮን አይለፍ፤ ያኔ 7 ሺህ ለግብርና ለጥገና ይተርፍሃል። ካልሆነ ስቱዲዮ ፈልግ። «የቤት ዋጋ መጨመሩ አይቀርም» ይሉሃል፤ ይጨምር ይሆናል፣ ባንኩ ግን በየወሩ የሚጠይቅህ ጥሬ ብር ነው።

ሌላው፦ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ አከራይ የብድር ወለድን እንደ ወጪ ግብር ከሚታሰብበት የኪራይ ገቢ ማስቀነስ ይችላል። ተበድሮ ለሚገዛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ውል አዋቂ፦
የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁን (1320/2016) ሳታነብ ዋጋ አትቁረጥ። የኪራይ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ቢያንስ ለ2 ዓመት ነው፤ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪ የሚፈቀደው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው ጣሪያ ልክ ነው። ብዙ ጀማሪ «በርካሽ ላስገባና በስድስት ወር ከፍ አደርገዋለሁ» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ መውጫ የለውም። ቤቱ ተከራይቶ ከነበረ ሻጩን የተመዘገበውን ውል ጠይቀው። ደላላው የነገረህን ተወውና በዚያ ላይ ባለው ቁጥር አስላ።

ብሎክ 7፦
ቤቱን ጠዋት ብቻ አይተህ አትመለስ። በውሃ ፈረቃው ቀን ሂድና ውሃው ቤቱ ያለበት ፎቅ መድረሱን አረጋግጥ፤ ካልደረሰ ሮቶና ፓምፕ ወጪህ ውስጥ ይግቡ። የመታጠቢያ ቤቱን ፍሳሽ ድፈንና ወለሉ ላይ ጥቂት ውሃ አሳድር፤ በማግስቱ የታችኛውን ጎረቤት ጣሪያ አስፈቅደህ እይ። እርጥበት ካለ ሴራሚኩ ተነስቶ ውሃ መከላከያ እንደገና መሠራት አለበት፣ ያ ደግሞ ከጎረቤት ጋር የሚያጣላ ሥራ ነው። የውሃና የመብራት ቆጣሪ እዳን፣ ለነዋሪዎች ማኅበሩ የሚከፈለውን የጋራ አገልግሎት ውዝፍም ጠይቅ። ተከራይ በሚገባበት ቀን የቆጣሪ ንባቡን ፎቶ አንሥታችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ጀማሪ አከራይ፦
አመሰግናለሁ። ሻጩ የ20/80 (20 በመቶ ቅድሚያ ተከፍሎ የሚገኝ የመንግሥት ኮንዶሚኒየም) ቤት ስለሆነና የአምስት ዓመቱ ያለመሸጥ ገደብ ስላላለፈ በውክልና ልስጥህ ይላል። ዋጋውንም ቀንሷል።

ውል አዋቂ፦
የቀነሰው ለዚያ ነው። ውክልና የባለቤትነት ዝውውር አይደለም፤ ሰጪው ሊሽረው ይችላል፣ ቢሞት ደግሞ ይቋረጥና ከወራሾች ጋር ትቀራለህ። ገደቡ አልፎ፣ ካርታው በሻጩ ስም ወጥቶ፣ ከእዳና እገዳ ነፃ መሆኑ በጽሑፍ ከተረጋገጠ ብቻ ክፈል። ቀብድም ቢሆን።

ሒሳብ ሠራተኛ፦
ለነገሩ ባንኩም በስምህ ያልዞረ ቤት በዋስትና አይዝልህም። የ2.4 ሚሊዮኑ እቅድ እዚያ ላይ ይቆማል።