ሐዲድ ሳላንቀሳቅስ የፓምፕ-ፕሮብ ልኬት መሥራት ይቻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ብርጭቆ ላይ የተለበጠ ስስ ብረት በአንድ የሌዘር ምት (ፓምፕ) አሞቃለሁ። ዘግይቶ በሚደርስ ሌላ ምት (ፕሮብ) ደግሞ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አያለሁ። መዘግየቱን የምፈጥረው ሐዲድ ላይ በሚንሸራተት መስታወት ነው። እስከ 3 ናኖሰከንድ መድረስ እፈልጋለሁ። ችግሩ፣ መስታወቱ በራቀ ቁጥር ሲግናሉ ይወርዳል። ብረቱ ቀዝቅዞ ይሁን ጨረሩ ከቦታው ሸሽቶ መለየት አቃተኝ። ያለ ሐዲድ የሚሠራበት መንገድ አለ?

ናኖ፦ መጀመሪያ ጥፋቱን እንለይ። ብርሃን በ1 ናኖሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ይሄዳል። ሄዶ ስለሚመለስ፣ ለ3 ናኖሰከንድ ሐዲድህ 45 ሴንቲሜትር መጓዝ አለበት። በዚህ ርቀት ትንሽ መዛነፍ እንኳ ናሙናው ላይ ጎልቶ ይታያል። ናሙናውን አንሳና በቦታው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቀዳዳ አስቀምጥ፤ ከኋላዋ ፎቶዳዮድ (ብርሃን መለኪያ)። በሐዲዱ የሚያልፈውን ጨረር ብቻ ክፈት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ስታንቀሳቅሰው ብርሃኑ ከተለዋወጠ ጥፋቱ የሐዲዱ ነው።

ፌምቶ፦ መንገዱስ አለ፤ አሶፕስ ይባላል። አንዱ በጥቂቱ የሚቀድም ሁለት ሰዓት አስብ። አንዱ ሌዘር በሰከንድ 80 ሚሊዮን ምት ይልካል፤ ሌላው 100 ምት ይበልጠዋል። በእያንዳንዱ ምት የመድረሻ ጊዜ ልዩነታቸው 16 ፌምቶሰከንድ (የናኖሰከንድ ሚሊዮንኛ) ገደማ ያድጋል። በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ በሁለት ተከታታይ ምቶች መሃል ያለውን 12.5 ናኖሰከንድ በሙሉ ያዳርሳል። በሰከንድ 100 ስካን ማለት ነው!
ዜሮ ሰዓቱን፣ ማለትም ሁለቱ ምቶች እኩል የሚደርሱበትን ቅጽበት፣ ለማወቅ ከሁለቱም ጨረር ጥቂት ቀንስና ሁለት ብርሃን አዋህዶ አዲስ ቀለም በሚያወጣ ቢቢኦ ክሪስታል ውስጥ በትንሽ ማዕዘን አገናኛቸው። ምቶቹ እኩል ሲደርሱ ብቻ በሁለቱ መሃል አዲስ ቀለም ብልጭ ይላል። ያቺ ብልጭታ መቅጃህን ታስነሳለች።

ጠያቂ፦ የፎቶዳዮዴ ማጉያ የሚከተለው ለውጥ እስከ 1 ሜጋኸርዝ ፍጥነት ብቻ ነው። ይበቃል?

ፌምቶ፦ በ100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ምት) ልዩነት 1.25 ፒኮሰከንድ (1250 ፌምቶሰከንድ) ድረስ ትለያለህ። ባለ 10 ሜጋኸርዝ ካገኘህ 125 ፌምቶሰከንድ ይሆናል። ልዩነቱን ወደ 10 ኸርዝ ማውረድም ይቻላል፤ ግን ስካኑ ስለሚረዝም የሌዘሮቹ የምት ጊዜ መንቀጥቀጥ ይጠራቀማል። ለቅዝቃዜ ልኬት ያለህ ይበቃሃል ባይ ነኝ።

ጥላ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ብረቱ በ12.5 ናኖሰከንድ ውስጥ ካልቀዘቀዘ ቀጣዩ ምት ትኩስ ብረት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከዜሮ ሰዓት በፊት ያለውን ሲግናል ተመልከት፤ ከመነሻው ከፍ ካለ ሙቀት ተጠራቅሟል። ሌላው፣ አንተ የምትፈልገው 3 ናኖሰከንድ ብቻ ስለሆነ ከጊዜህ ሦስት አራተኛው ይባክናል። ኤኮፕስ የሚባለው ስልት ይሻልሃል። ሁለቱን ሌዘሮች በእኩል የምት ብዛት አስረህ የአንዱን ውስጣዊ ርዝመት በፒየዞ (በኤሌክትሪክ በሚለጠጥ ቁራጭ) በትንሹ ወዲያ ወዲህ ታወዛውዛለህ፤ መዘግየቱም በምትፈልገው ክልል ብቻ ይመላለሳል።

ጠያቂ፦ የቀዳዳውን ሙከራ ዛሬ ሠራሁት። ሐዲዱ ጫፍ ሲደርስ ብርሃኑ በአንድ አምስተኛ ወረደ። ቅዝቃዜ ብዬ የመዘገብኩት አንዱ ክፍል የጨረሩ ሽሽት ነበር ማለት ነው። ናኖ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ሁለተኛ ሌዘር ለአንድ ወር ተፈቅዶልኛል። ነገ ጠዋት በአሶፕስ እጀምራለሁ፤ መጀመሪያ ያቺን ብልጭታ ላግኛት።