ለትሬሰር 900 የሚያምር የጎን ሻንጣ የቱ ነው?

የሱሉልታው ሞተረኛ

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሞተሬ የ2018 (በፈረንጆቹ) ያማሃ ትሬሰር 900 ናት፣ ባለ ሦስት ሲሊንደሯ። በየቀኑ በእንጦጦ በኩል ወርጄ ሥራ እገባለሁ፣ ማታ በዚያው እመለሳለሁ። እስካሁን ዕቃዬን የማመላልሰው በጀርባ ቦርሳ ነበር፤ ትከሻዬ አልቻለም። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ከባለቤቴ ጋር በዓባይ በረሃ አድርገን ባሕር ዳር ለመሄድ አስበናል። የሁለት ሰው ልብስ፣ የዝናብ ልብስ፣ መፍቻ፣ የጎማ መጠገኛ፣ ሁሉም ቦታ ይፈልጋል።

ችግሬ መልኳ ነው። ይህችን ሞተር የገዛኋት አይቻት ስለወደድኳት ነው። ከኋላ ስትታይ ወገቧ ቀጭን፣ ጭራዋ ቀና ያለ ነው። አንድ ጓደኛዬ እንደሷ ዓይነት ሞተር ላይ ግራና ቀኝ ትልልቅ የአሉሚኒየም ሳጥን አስገጥሞ አየሁ። ሳጥኑ ጠንካራ ነው፣ ግን የሰው ልብስ ተውሳ የለበሰች ነው የምትመስለው። የአክስቴ ልጅ በነሐሴ ከጣሊያን ይመጣል፣ የፈለግከውን አመጣልሃለሁ ብሎኛል። ጠንካራ ፕላስቲክ ይሻላል፣ የጨርቅ፣ ወይስ እዚሁ በቆዳ ላሰራ? መልክ አያስጨንቀኝም የሚል ካለ አከብራለሁ። እኔን ግን ያስጨንቀኛል።

የለገጣፎው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሊትሩን ነው። የሞተርን መልክ የሚያበላሸው ግን ስፋቱ ነው።

አንተ ዕድለኛ ነህ። የትሬሰር ማርሚታ አጭር ሆኖ ከሥር ነው ያለው። ማርሚታቸው በቀኝ በኩል ወደ ላይ የወጣ ሞተሮች ላይ የቀኙ ሻንጣ ወይ ተቆርጦ ያንሳል ወይ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ከኋላ ስታያቸው አንድ ትከሻቸው የወረደ ይመስላል። ያንተ ላይ ሁለቱም ከጎኗ ጥብቅ ብለው መቀመጥ ይችላሉ። ለዚህ ደግሞ ከሻንጣው ይልቅ ማንጠልጠያውን አጥብቀህ እይ። ሻንጣው ሲወልቅ የሚቀረው እሱ ነው፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ቀን አውልቀህ ነው የምትነዳው።

ያማሃ ራሱ የ2018ቱን ትሬሰር 900 ጂቲ፣ ለረጅም ጉዞ የተዘጋጀችውን የሞተርህን እህት፣ ከፋብሪካ ሲያወጣ በሁለት ባለ 22 ሊትር ሻንጣ ነው፣ ቀለሙም ከሞተሯ ጋር የገጠመ። በመልክ ከሆነ ከሱ የሚበልጥ አላየሁም። ጉድለቱ ሙሉ ሄልሜት አይገባበትም። የጣሊያኑ ጂቪ ቪ37 እያንዳንዱ 37 ሊትር ነው፣ ሄልሜት ይይዛል፣ ግን ሆዱ ወጣ ያለ ነው። የስፔኑ ሻድ ኤስኤች36 ደግሞ 36 ሊትር ሆኖ በሦስት ነጥብ ስለሚያዝ ሲወልቅ ትልቅ ብረት ተንጠልጥሎ አይቀርም። እኔ የያዝኩት ይሄንን ነው። በእያንዳንዱ ከ10 ኪሎ በላይ አትጫን፤ ጂቪ እንዲያውም ሻንጣ ይዘህ ከ120 አትለፍ ይላል።

ከመግዛትህ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንህ፤ ካርቶን ቁረጥ። የሻንጣውን ልክ ከኢንተርኔት አውጣና በዚያው ልክ ሳጥን ሠርተህ በፕላስተር ሞተሯ ላይ ለጥፈው። ከዚያ አሥር እርምጃ ራቅ ብለህ ከኋላም ከጎንም ፎቶ አንሳ። ሦስት ነገር ታያለህ። የሻንጣው የታች ጠርዝ ከጭራዋ ጋር አብሮ ወደ ላይ ይሄዳል ወይስ ከመሬት ጋር ተጋድሞ ቀርቷል? የኋላ ጫፉ ከስቶፕ መብራቱ አልፎ ወጥቷል? ከወጣ ዕቃ የተሰቀለባት ትመስላለች፣ ክብደቱም ከኋላ ጎማ ወደ ኋላ ስለሚያልፍ መሪው ይቀላል። ሦስተኛው ከመሪው መስፋቱ ነው። መሪህን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ። ትልልቆቹ ሻንጣዎች ሲገጠሙ ጠቅላላ ስፋቱ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል፤ ከመሪህ የሰፋ ከሆነ በሁለት ሚኒባስ መሃል መሪህ አልፎ ሻንጣህ ይቀራል። እኔ ላይ የደረሰ ስለሆነ ነው የምነግርህ፣ የግራው ክዳን ላይ ጠባሳው አሁንም አለ።

ባለቤትህንም ከኋላ አስቀምጠህ ሞክረው። ተረከዟ ካርቶኑን ከነካ 300 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ ደብረ ማርቆስ ስትደርሱ እግሯ ይደነዝዛል።

የሰበታዋ

እኔ የጨርቅ ነው የምጠቀመው። እውነቱን ለመናገር ሙሉ ሲሆን ያምራል፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ ይሸበሸባል። ከፍጥነት ጋር ይርገበገባል። ግን ቀላል ነው፣ ተጣጥፎ ይመጣል፣ ለአክስትህ ልጅም ሸክም አይሆንም።

አንድ ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። አቧራ ገብቶ በቦርሳውና በሞተሯ መሃል ሲቀመጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚሞርደው። እኔ ከጅማ መንገድ ስመለስ የጭራዋ ቀለም ሁለት መዳፍ በሚያክል ቦታ ደብዝዞ አገኘሁት። በጣም ነው ያዘንኩት። የጨርቅ ከመረጥክ ከሥሩ ግልጽ መከላከያ ፕላስቲክ ለጥፍ፣ በየቀኑም ጥረገው። ማሰሪያው ደግሞ ተርፎ እንዳይንጠለጠል ቁረጠው ወይ ጠቅልለህ እሰረው፤ ጎማ ውስጥ ከገባ አደጋ ነው።

ብቻህን ለምትሄድበት ቀን ደግሞ የእንግሊዙ ክሪጋ ባለ 20 ሊትር የጭራ ቦርሳ ከኋላ መቀመጫው ላይ ጥብቅ ይላል። የሞተሯ አካል ነው የሚመስለው፣ ውሃም አያስገባም። በየቀኑ ለሥራ የምትፈልገው ይሄ ይመስለኛል።

ቆዳ ሰፊው (ገላን)

ቆዳ ስለተነሳ ልግባ። ሥራዬ ስለሆነ እንድታሰራ ብገፋፋህ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ለዚች ሞተር አልመክርህም።

የሀገራችን የበግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው፣ ለጎልፍ ጓንት ሳይቀር በዓለም የሚፈለገው ለዚህ ነው። ለሻንጣ ግን አይሆንም፣ ቅርጹን አይዝም። ለሻንጣ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን የከብት ቆዳ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የሐምሌን ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፣ በቶሎ አይደርቅም፣ ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው ይሰነጠቃል። በሰም እያሸህ የምትንከባከበው ከሆነ ዕድሜ ይሰጥሃል። ክብ መብራት ያላቸው የድሮ መልክ ሞተሮች ላይ ስታየው ዓይንህን አታነሳም። የትሬሰር መስመር ግን በምላጭ የተቆረጠ ያህል ነው፤ ክብ ብሎ የሚንጠለጠል የቆዳ ቦርሳ ከሱ ጋር አይስማማም።

ይልቅ ጠንካራውን ሻንጣ ግዛና በውስጡ ልክ የሚገባ ቦርሳ አሰፋ። ሸራ ከላይ፣ መያዣው ቆዳ። ባሕር ዳር ስትደርሱ በአቧራ የተሸፈነውን ሻንጣ ወደ ሆቴል ይዘህ አትገባም፣ ቦርሳውን ብቻ ሳብ አድርገህ ትገባለህ። የእኔ ደንበኞች ይህንን ነው አብዝተው የሚያሰሩት።

ከቡራዩ

ማንጠልጠያውን በርካሽ ብየዳ ቤት አሰራለሁ የሚል ሐሳብ ካለህ ተው፣ ወይም በደንብ አሰራው። እኔ ያሰራሁት ፍቼ ሳልደርስ ተሰነጠቀ። ግራና ቀኙ ለየብቻ ነበር የተያዙት። ከታርጋው ኋላ ሁለቱን የሚያገናኝ ብረት ከሌለ በየጉብታው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይወዛወዛሉ፣ ብየዳው ይደክማል። ብሎኖቹንም ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆመህ አጥብቃቸው።

የሱሉልታው ሞተረኛ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሁድ ካርቶኑን ሠራሁት። ቪ37ን ያህሉ ከኋላ ሲታይ ሰፋ፣ ከመሪዬም በሁለት ጣት አለፈ። ባለ 22ቱ ልክክ አለ፣ በጣም ነው ያማረባት፤ ግን የባለቤቴን ሹራብና የዝናብ ልብሳችንን ስንከት ሞላ። ኤስኤች36ን የሚያህለው መሃል ላይ ነው፤ ተረከዟን አልነካም፣ የታች ጠርዙም ከጭራዋ ጋር ይሄዳል። ፎቶውን ከግቢያችን በር ላይ ሆና ያነሳችው እሷ ናት፣ ይሄኛው ይሁን ያለችውም እሷ ናት። ስለዚህ እሱን አዝዣለሁ። ቆዳ ሰፊው፣ ሻንጣው ሲደርስ ለውስጥ ቦርሳው ገላን እመጣለሁ።

አንድ የቀረኝ ቀለሙ ነው። ጥቁሩን እንዳለ ልተወው ወይስ ክዳኑን በሞተሯ ቀለም ላስቀባው?

የለገጣፎው

ለአንድ ክረምት እንዳለ ተወው። መስተዋቷ፣ የመሪ መያዣዋ፣ የሥር ፕላስቲኳ ሁሉ ያልተወለወለ ጥቁር ስለሆነ ሻንጣው ከነሱ ጋር ይዋሃዳል። ላስቀባ ካልክም ክዳኑን ብቻ፣ እሱም ለስላሳ ከሆነ ነው። ሸካራው ፕላስቲክ በደንብ ሳይፈገፈግና ለፕላስቲክ የሚሆን የመጀመሪያ ቅብ ሳያገኝ ቀለም ከተረጨ ጠጠር በነካው ቁጥር ይላጣል፤ የጫንጮ መንገድ ደግሞ ጠጠር አያጣም።

ለአክስትህ ልጅ ደግሞ ዛሬውኑ ደውልለት። የሁለቱም ሻንጣ ቁልፍ አንድ ዓይነት እንዲሆን ከሱቁ ይጠይቅ፣ የትሬሰር 900 ማንጠልጠያውም ለ2018 ሞዴል የተሠራው መሆኑን ካርቶኑ ላይ አንብቦ ይቀበል። የቀደመው ሞዴል ጭራው የተለየ ነው።